በር ቆጣሪ

የእህቱ ባል ከወረቀት ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን መነጽር ሲያይ፣ መነጽር ሠሪው የማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ማየት አላስፈለገውም። የገዛ እጁ ሥራ ነው። ቀኝ ክንዱ ከማጠፊያው ተገንጥሏል፤ የግራ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ሥራልኝ» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። «ስትመለስ አዲስ ሆና ትጠብቃት።»

ስትመለስ! ወይ ዓይንን በጨው ማጠብ! እህቱ ልጇን ይዛ ከቤት ከወጣች ሳምንት ሆኗታል። መነጽሯን ሳትይዝ ወጣች ማለት ሮጣ ነው የወጣችው፤ እህቱ ያለ መነጽር ማዶ የቆመውን ሰው ወንድ ይሁን ሴት አትለይም። ደግሞ ይሄ መነጽር ሲሰበር የመጀመሪያው አይደለም። «ከደረጃ ወደቅሁ» እያለች ደጋግማ አምጥታዋለች። ከደረጃ የወደቀ መነጽር ፊት ለፊቱ ነው የሚጫጫረው፤ የሷ ግን ሁልጊዜ ከጎን ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ጥፊ በሚመጣበት በኩል። ባለፈው ስታመጣው ወንድሟ ፍሬሙን አቃንቶ ሰጣትና «ይሄ ደረጃ የምትይው እጅ አለው እንዴ?» አላት። እዚያው ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከማያውቀው ቁጥር ደወለችለት። «ደህና ነን። የት እንደሆንኩ አትጠይቀኝ። ለእማዬ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል፣ አደራህን» አለችና ዘጋችው። አልጠየቃትም።

«እንዴት ተሰበረ?» አለ አሁን፣ ለነገሩ ያህል።

«ተቀምጣበት ነዋ! መቼም እህትህን ታውቃታለህ፣ ዝርክርክ ናት።»

ሰውየው ዕቃ አድራሽ ሹፌር ነው። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ የሰው ዕቃ ሲያይ ተሸክሞ የሚያደርስ። አማቱ «ወርቅ የሆነ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራው። ጉልበቷን ሲያማት በመኪናው ክሊኒክ ያደርሳታል፤ እሷም ልጇ ባሏን ጥላ መሄዷን ሰምታ «እብደት ነው!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች።

«ጓደኞቿ ቤት ሁሉ ዞርኩ» አለ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ። «አንዷም አላየኋትም ትላለች። ኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምን አለኝ መሰለህ? ባላቸውን ጥለው የሚወጡ ሴቶች የሚሸሸጉበት ቤት አለ፣ አለኝ። ለካ እንዲህም ያለ ነገር አለ! ነገ እረፍቴ ነው። ያንን ካርታህን ከፍቼ ‹ሴቶች› ብዬ ልፈልግበት ነው። በር ካለው መቼም ያንተ ካርታ አያጣውም፣ አይደል?»

መነጽር ሠሪው የተገነጠለውን ክንድ አነሳ። «ሁሉም ነገር እኮ አይገባበትም» አለ።

«አንተው አይደለህ እንዴ ምንም አይቀረውም ያልከኝ?» ሳቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ ጋሼ፣ አገኛታለሁ። ካገኘኋት በኋላ ያለውን ለኔ ተወው።»

መኪናው ከመንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ መነጽር ሠሪው ፊቱ ላይ የለጠፈውን ፈገግታ ይዞ ቆየ። ከዚያ ቁጭ አለ። ሰውየው ነገ ያንን ቃል ሲጽፍ ካርታው ምን እንደሚያመጣለት ያውቃል። ያስገባው እሱ ራሱ ነው።

ካርታው የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። የፈለገ ሰው ገብቶ የሚያውቀውን መንገድ፣ የሚያውቀውን ሱቅ ይጨምርበታል፤ የተሳሳተውን ሌላው ያርመዋል። ደሞዝ የለውም፣ ምስጋናም እምብዛም ነው፤ እንዲያው አመድ አፋሽነት ነው። መነጽር ሠሪው ግን ሱቁን ዘግቶ በየመንገዱ እየተዘዋወረ ያላስገባው በር፣ ያላስገባው መድኃኒት ቤት፣ ያላስገባው የውሃ ቧንቧ የለም። «ሰው ሚስት ያገባል፣ የኔ ልጅ ካርታ አገባ» ትላለች እናቱ። ልጅ ሳለ የመንገዱን በሮች ሁሉ ቆጥሮ ሳይጨርስ ቤት አልገባ እያለ ስላስቸገራት «በር ቆጣሪ» ትለው ነበር። እህቱ ከመወለዷ በፊት የተረሳ ስም ነው። ካርታው ላይ የሚሠራበትን ስም ምረጥ ሲባል ትዝ ያለው እሱ ሆነ። ከቤተሰቡ ከእናቱ በቀር በምን ስም እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው የለም፤ ይሄ ነገር አንዳንዴ ይከፋው ነበር።

የሚኮራበት ሥራ አግዳሚ ወንበሮቹ ናቸው። ከእናቱ ቤት እስከ ክሊኒኩ ያለውን መንገድ ከእሷ ጋር እየሄደ፣ እሷ እያረፈች እሱ እየጻፈ፣ ያለውን ወንበር ሁሉ አስገብቶታል። የትኛው መደገፊያ አለው፣ የትኛው ጥላ አለው፣ የትኛው ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል። የአንዷን መደገፊያ ተጠራጥሮ ሱቁን ዘግቶ ሄዶ አይቷል። ያኔ «ዳኛው» የሚባለው፣ በዚህ ከተማ ካርታ ላይ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ የሚከታተለው በጎ ፈቃደኛ፣ «የእኚህን ሰው ሥራ አይታችሁ ተማሩ» ብሎ በአደባባይ ጻፈለት። ዳኛው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት የሚያውቅ የለም። መነጽር ሠሪው ግን ያንን ቃል ለእናቱ አነበበላት፤ እሷም በማግስቱ ለመንገዱ ሁሉ አወራችው። ምን ታድርግ፣ ምስጢርም ይሁን ምስጋና እሷ አፍ ውስጥ አያድርም።

እና ያ አረንጓዴ በር።

ባለፈው ዓመት ነው። ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ ሲያልፍ ረጅም አጥር፣ አረንጓዴ የብረት በር፣ ምንም ምልክት የሌለው ግቢ አየ። ካርታ የሚሠራ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ማዶ ሳሙና የምትሸጠውን ሴትዮ ጠየቃት። ግራ ቀኝ አየችና «የሴቶች መጠለያ ነው፤ ባሎቻቸው እንዳያገኟቸው ነው አሉ። ለሰው እንዳትናገር» አለችው። እውነትም ለሰው አልተናገረም። ለእናቱ እንኳ አልተናገረም። ካርታው ላይ ብቻ አስገባው! የሴቶች መጠለያ፣ የፊት በር አረንጓዴ፣ የጓሮ በር በጠባቧ መንገድ በኩል። ሞኝ! ለአንድ ሰው ያልተናገረውን ለዓለም ሁሉ ነገረው። ካርታው የነገሩትን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፤ እሱም ትክክለኛ ነገር ማስገባት ጥፋት ሊሆን ይችላል ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

አሁን ስልኩን አውጥቶ ቦታውን ፈለገና ሰረዘው። ጠፋ። ነፍሱ ትንሽ መለስ አለች። ከዚያ የእህቱን መነጽር አነሳ። አዲስ መስታወት ቆረጠ፣ ክንዱን ቀጠለ፣ ጠራረገው። ሱቁን ዘግቶ ወደ አረንጓዴው በር ሄደ።

ሲያንኳኳ በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተች። የአንዲት ጠና ያለች ሴት ዓይን ነው የታየው።

«ምን ፈለጉ?»

«የሚፈልግ ሰው አለ» አለ፤ ቃሉ ተዘበራረቀበት። «ማለቴ እኔ አይደለሁም። ኢንተርኔት ካርታ ላይ ያስገባኋችሁ እኔ ነኝ። ሳላስብ ነው። አሁን አንድ ሰው ሊፈልግበት ነው፣ ባል ነው፣ ሚስቱን…»

ሴትዮዋ መስኮቷን ልትዘጋ እጇን አንስታ ተወችው።

«እኛን ካርታ ላይ?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«ሰርዤዋለሁ። አሁን የለም።»

«ስማኝ ወንድሜ። እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም የለም። ገባህ? ማንም። ቢኖር ግን፣ ዛሬ ተነስቶ ወደ ሌላ ቤት የሚሄድበት አቅም የለንም። ልጆች አሉ። ከካርታው ካወጣኸን በደንብ አውጣን።»

«እህቴን…» ሊል ጀመረና ተወው። የት እንደሆንኩ አትጠይቀኝ ብላዋለች። መነጽሩን አውጥቶ በመስኮቷ በኩል ዘረጋላት። «ይሄን… ያለ እሱ አታይም።»

«እዚህ የለችም አልኩህ።»

«እሺ። አትኑር።»

ዓይኗ መነጽሩ ላይ ቆየ። ከዚያ አንድ እጅ ወጣና ወሰደው። «መነጽር የቸገራት ሴት መቼም አትጠፋም» አለችና መስኮቷን ዘጋችው።

ወደ ሱቁ እየተመለሰ ስልኩን ሲያይ እዚያው መንገድ ላይ ክው ብሎ ቀረ። ቤቱ ካርታው ላይ ተመልሷል። ከሥሩ የዳኛው ማስታወሻ አለ። «ያለ ምክንያት የተሰረዘ። መልሼዋለሁ።»

ወይ ጣጣ! ካርታው አጥፊ ይበዛበታል፤ የጎረቤቱን ሱቅ ለመጉዳት የሚሰርዝ አለ፣ ለጨዋታ የሚሰርዝ አለ። ዳኛው እንዲህ ያለውን እየተከታተለ መመለስ ሥራው ነው፣ ሥራውን ነው የሠራው። መነጽር ሠሪው ደግሞ ሰረዘው። የሱቁን በር ከፍቶ ሳይጨርስ ተመለሰ። «እባክዎ ምክንያቱን ይጻፉ። ያስገቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ እንዲህ ያለ ነገር አልጠብቅም» ይላል ዳኛው።

ምን ብሎ ይጻፍ? እዚያ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በአደባባይ ነው፣ ለዘለዓለምም ይቀመጣል። እውነቱን መጻፍ ማለት «እዚህ ቤት ውስጥ ከባላቸው የተሸሸጉ ሴቶች አሉ» ብሎ ትልቅ ማስታወቂያ በሩ ላይ መለጠፍ ነው። የእህቱ ባል ደግሞ የማንኛውንም ቦታ ታሪክ እንዴት እንደሚከፈት፣ ማን ምን እንዳስገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደተከራከረ የት እንደሚነበብ ያውቃል። ማን አስተማረው? ይሄው አዋቂው መነጽር ሠሪ ነዋ! ምሳ ላይ፣ እየተኩራራ።

በግል ሊጽፍለት የዳኛውን ገጽ ከፈተ። ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፦ «ካርታውን የሚመለከት ነገር በአደባባይ ይነገር። የግል መልእክት አላነብም።» ቢሆንም ጻፈ። ለካርታው አስተዳዳሪዎችም ጻፈ። «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በተራዎ እናየዋለን» የሚል መልስ መጣለት፤ ማሽን ነው የሚመልሰው። ዳኛው ግን ዝም።

ሰዓቱ ይሄዳል። ውጭው ጨልሟል። ሰውየው ነገ ብሏል፤ ግን ትዕግሥት እንደሌለው እህቱ ፊት ላይ አይቶታል። መሰረዝ ካልሆነ ልለውጠው አለና «መጋዘን» ብሎ ጻፈበት።

ዳኛው ወዲያው መለሰ። «ባለፈው ዓመት የሴቶች መጠለያ ነው ብለው ያስገቡት እርስዎ ነዎት፣ የጓሮ በሩን ሳይቀር። አሁን መጋዘን ነው ይላሉ። የትኛው ነው እውነቱ?»

መነጽር ሠሪው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ጥያቄው ትክክል ነው። እሱም በዳኛው ቦታ ቢሆን ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። ዳኛውን የሚያሳምን መልስ አንድ ብቻ እንዳለው ገባው። ስልኩን አነሳ። እንዳይጸጸት ቶሎ ቶሎ ጻፈ።

«ሁለቱም ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ቤት የለም። ግቢው ባዶ ነው። ባዶ ቦታ መተው ስላስጠላኝ ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት።»

ላከው። መልሱን ሲጠብቅ የእህቱ ባል የተወው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጨምድዶ ጣለው።

የዳኛው መልስ ረጅም ነበር፣ ትሕትናውም አልጎደለም። ቤቱን አንስቶታል። ግን፣ አለ፣ አንድ ቤት የፈጠረ ሰው ሌላም አልፈጠረም ማለት አይቻልም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ «በር ቆጣሪ» በሚለው ስም የገባ ነገር ሁሉ ተነስቶ፣ ሌላ ሰው በአካል ሄዶ አይቶ እስኪያረጋግጠው ድረስ ይቆያል። ስሙም ታግዷል። መጨረሻው ላይ «አዝናለሁ። አምንዎት ነበር» የሚል አለ።

ከተማው ስልኩ ላይ እያየው ባዶ ሆነ። መድኃኒት ቤቶቹ ጠፉ፣ ቧንቧዎቹ ጠፉ፣ በሮቹ ጠፉ። ከእናቱ ቤት እስከ ክሊኒኩ ያለው መንገድ መቀመጫ የሌለው ባዶ መስመር ሆኖ ቀረ። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን አለቀሰ። ምን ይደረግ፣ ያን ሁሉ ዓመት በእግሩ የሄደው እሱ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቱ እንደ ልማዷ መጥታ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ያንን ስልክህን አልጎረጎርክም። አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«ደህና ብትሆንማ ለኔ ፊትህን አታዞርም። ወይስ እህትህ ደወለች? እንዳትደብቀኝ!»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የዕቃ ማመላለሻው መኪና ሱቁ ፊት ለፊት ቆመ። የእህቱ ባል ገባ። ዛሬ ፈገግታው የለም። አማቱን «እንደምን ዋሉ እማማ» ብሎ ጉንጯን ሳመና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄን አስረዳኝ። ትናንት ማታ አላስችለኝ ብሎ መኪና ውስጥ ሆኜ ፈለግሁ። ሦስት ቦታ አወጣልኝ። ሁለቱን ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየኋቸው፤ አንዱ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው፣ አንዱ ልብስ ስፌት ማሠልጠኛ። ሦስተኛው መጠለያ ይላል። ትናንት ነበረ፤ ዛሬ ብከፍተው የለም። መንገዱን ግን አልረሳሁትም። ከገበያው ጀርባ ነው።»

ትናንት ማታ! ዳኛው መልሶት በነበረበት ሰዓት ማለት ነው። መነጽር ሠሪው ዓይኑን ከስልኩ አነሳ። «አንዳንዴ ይሰርዙታል እኮ፤ ስህተት ሲሆን» አለ።

«ቆይ። ያስተማርከኝን፣ ታሪክ የሚለውን ከፈትኩት። ስማ ምን እንደሚል።» ስልኩን አነሳና ጮክ ብሎ አነበበ። «‹እንዲህ ያለ ቤት የለም። ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት።› እንግዲህ አንተ ንገረኝ። ሰው ለምንድነው የሌለ ቤት የሚፈጥር? ወይስ ያለውን ነው የለም የሚለው? ሄጄ በሩን ከመስበሬ በፊት አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ማን ነው ይሄ ‹በር ቆጣሪ› የሚባለው ሰውዬ?»

እናቱ ቀና አለች።

መነጽር ሠሪው አላያትም። ማየት አልደፈረም። ዓለም ላይ ያንን ስም የምታውቅ አንዲት ሴት ያለችው እዚች ወንበር ላይ ነው፤ እሷም አፏ ላይ መዝጊያ የላትም፤ እሷም ይህን ሰው እንደ ልጇ ነው የምትወደው። አሁን «ውይ፣ የኔው ልጅ እኮ ነው!» ትለዋለች፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ያልቅለታል።

«በር ቆጣሪ?» አለች እናቱ።

«አዎ እማማ። ያውቁታል እንዴ?»

እናቱ ልጇን አየችው። የአንዲት ወንበር መደገፊያ ለማየት ሱቅ የሚዘጋ ልጅ ነው ያላት፤ ከራሱ አውጥቶ ጻፈ? እጆቹን አየች፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል። ከዚያ ወደ አማቿ ዞረች፤ የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቱ ጥፍር እየቆረቆረ የሚጠብቀውን፣ በሩን ከመስበሬ በፊት ያለውን። የገባት ነገር ፊቷን አጠቆረው።

«ማን የማያውቀው አለ!» አለች።

መነጽር ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ።

«የለየለት ውሸታም ነው! ይሄ ልጄ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፤ ሜዳ ላይ ሆቴል የሚያቆም፣ ወንዝ ላይ ቡና ቤት የሚከፍት! አንድ ቀንማ በሱ ምክንያት ክሊኒክ ነው ብዬ የሰው ጋራዥ ገብቻለሁ። አይደለም እንዴ አንተ?»

«ነው» አለ ልጇ። ድምፁ አልወጣ ብሎት ደገመው። «ነው። ውሸታም ነው። ትናንት አግደውታል።»

ሰውየው አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። አልጠገበም። «ለማንኛውም አንድ ጊዜ ደርሼ ብመለስ…»

«ውይ ልጄ!» አለች እናቱ ደረቷን ይዛ። «እኔስ ልነግርህ አልነበረም፤ አደራ ብላኛለች። አንተን እንዲህ ስትንከራተት ሳይህ ግን አንጀቴ አልችል አለ። ትናንት ደውላልኛለች።»

ሰውየው ስልኩን አስቀመጠ። መነጽር ሠሪውም ባለበት ደረቀ።

«ከከተማ ወጥታለች። አውቶቡስ ውስጥ ሆና ነው የደወለችልኝ፣ ጫጫታው አላሰማ ብሎኝ። ያቺ ወደብ ከተማ ያገባችው የልጅነት ጓደኛዋ ዘንድ ነው የምትሄደው። ማን ነበር ስሟ… ጠፋኝ፣ ይሄ እርጅና። እሷ እንደነገርኩህ ካወቀች ደግሞ ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች!»

የዚህች ሴትዮ አፍ ምስጢር እንደማይዝ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ክሊኒኩ ሁሉ ያውቃል። የሠርጉን ስጦታ ከሠርጉ በፊት ለሙሽራው የነገረችው እሷ ናት፤ ያ ሙሽራ ደግሞ ይሄው ሰው ነው። ፊቱ ሲፈታ ታየ።

«ወደብ ከተማ» አለ። «እንዴት አላሰብኩትም!» ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና አማቱን ደግሞ ሳማት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «መነጽሯስ? ስጠኝ፣ ይዤላት ልሂድ።»

«መስታወቱ ገና አልመጣም» አለ መነጽር ሠሪው።

«ሲደርስ ለእማማ ስጥልኝ።»

መኪናው ተነሳ። ድምፁ እየራቀ ጠፋ። እናቱ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ወደብ ከተማ ያገባች ጓደኛ አለቻት እንዴ?» አላት ልጇ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ሊስቅ ፈለገና አልቻለም። እናቱ ወደ መሥሪያው ጠረጴዛ ተመለከተች። «አንተ ሥራ አታሳድርም። ያ መነጽር ትናንት ነው ያለቀው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ተቀምጣበት ነው አለ?»

«ተቀምጣበት ነው አለ። እኔ ብዙ ጊዜ አቃንቼዋለሁ እማዬ። ተቀምጦበት የሚሰበር መነጽር እንደዚያ አይሆንም።»

የእናቱ እንባ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ከሰው ፊት አብዳለች አልኩ» አለች። «ልጄን፣ በገዛ አፌ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚያ ናት? ከገበያው ጀርባ?»

«አላውቅም እማዬ። እውነቴን ነው። እሷ ካልሆነችም የሌላ ሰው እህት ናት።»

«እሺ። ብታውቅም እንዳትነግረኝ። ዛሬ ችያለሁ፣ ነገ አላምነኝም።» ምርኩዟን አነሳች። «ተነስ፣ ሸኘኝ።»

ሱቁን ዘግቶ ክንዷን ይዞ ወጣ። እንደ ወትሮው ቀስ ብለው ሄዱ። አንድ አዲስ የጫማ ሱቅ ተከፍቷል፤ የመነጽር ሠሪው እጅ ሳያስበው ወደ ኪሱ ሄደና ሳይደርስ ተመለሰ። እናቱ አይታዋለች። ዛፉ ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ጋ ሲደርሱ እንደ ሁልጊዜው ጉልበቷን ይዛ ቁጭ አለች።

«ይቺም ተሰረዘች?»

«ሁሉም ተሰርዘዋል። ሰው በአካል መጥቶ አይቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ማን ነው የሚመጣው?»

«የፈለገ ሰው። ላይመጣም ይችላል።»

እናቱ መደገፊያውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ጀርባዋን አመቻቸች።

«ይምጣ እንጂ» አለች። «እዚሁ ተቀምጬ ነው የሚያገኘኝ።»